የቡድን የፍለጋ ጨዋታ አዘገጃጀት፦ ከፍንጭ አጻጻፍ እስከ ነጥብ ቆጠራ

ሠላሳ ወይም አርባ ሰዎች አብረው የሚውሉበት ዝግጅት ሲኖር ተሳታፊዎቹን በቡድን ከፋፍሎ በፍንጭ እየተመሩ ዕቃ፣ ቦታ ወይም መልስ እንዲፈልጉ ማድረግ፣ የማይተዋወቁትን ለማቀራረብ ከተለመዱት ዘዴዎች አንዱ ነው። ነገሩ ከሩቅ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ጥቂት ወረቀቶችን እዚህም እዚያም ደብቆ "በሉ ፈልጉ" ማለት የሚበቃ የሚመስላቸው አዘጋጆች ብዙ ናቸው። እስካሁን ካዘጋጀኋቸውና ከተሳተፍኩባቸው ጨዋታዎች እንዳየሁት፣ ጨዋታውን አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላሸው የሰዓት አለመመጣጠን ነው። አንዱ ቡድን ጨርሶ ሃያ ደቂቃ ቆሞ ይጠብቃል፣ ሌላው ሁለተኛው ፍንጭ ላይ ተተክሎ ይቀራል፣ አዘጋጁም በሁለቱ መካከል ይዋልላል። ስለዚህ ከዚህ በታች የማቀርበው ሁሉ የሚያጠነጥነው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ ፈጣኑም ሆነ ዘገምተኛው ቡድን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደቂቃ ሥራ እንዳይፈታ ምን ማድረግ ይቻላል?

ዝርዝር ወይስ ሰንሰለት

የፍለጋ ጨዋታ በሚል አንድ ስም የሚጠሩ ሁለት የተለያዩ ጨዋታዎች አሉ፤ አዘጋጁ የትኛውን እንደሚይዝ ከመነሻው ካልለየ በኋላ የሚወስነው ሁሉ ይምታታበታል። አንደኛው የዝርዝር ጨዋታ ነው። ለሁሉም ቡድን አንድ ዓይነት ዝርዝር ይታደላል፤ በዝርዝሩ ላይ የሚገኙ ዕቃዎች፣ የሚነሡ ፎቶዎችና የሚሠሩ ሥራዎች ከነነጥባቸው ይሰፍራሉ፤ ቡድኑም በፈለገው ቅደም ተከተል እየሄደ የቻለውን ያህል ይሰበስባል። ሁለተኛው የሰንሰለት ጨዋታ ነው። አንዱ ፍንጭ ወደ ሌላው እየመራ በመጨረሻ ወደ ተደበቀው ነገር ያደርሳል።

የዝርዝር ጨዋታ ትልቁ ጥቅም ማንም ቡድን እንዳይጨርሰው ተደርጎ ሊዘጋጅ መቻሉ ነው። በአሜሪካ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ሲያካሂዱት የቆዩት ዓመታዊ የፍለጋ ውድድር ለቀናት የሚዘልቅ ሲሆን ዝርዝሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ነገሮችን ይይዛል፤ የትኛውን ትቶ የትኛውን መያዝ እንደሚሻል መምረጡ ራሱ የውድድሩ አካል ነው። ይኸው አሠራር ለአንድ ሰዓት ተኩል ጨዋታም በትክክል ይሠራል። ጎበዝ ቡድን 18 ሥራ ይሠራል ብለው ከገመቱ 25 ይጻፉ፤ ያን ጊዜ "ጨርሰናል፣ አሁንስ ምን እናድርግ?" ብሎ የሚመጣ ቡድን አይኖርም።

ሰንሰለቱ በበኩሉ ዝርዝር የማይሰጠውን ጉጉት ይሰጣል፤ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ስለማያውቅ ልቡ ተንጠልጥሎ ይሄዳል። ጉዳቱ ግን አንዲት ቀለበት ስትበጠስ ሁሉም መቆሙ ነው፤ አራተኛው ወረቀት በነፋስ ከተወሰደ አምስተኛውና ስድስተኛው ቢኖሩም ባይኖሩም ልዩነት የለውም። እኔ የምመርጠው ቅይጡን ነው፦ ሁሉም ቡድን የግድ የሚያልፍባቸው ስድስት ጣቢያዎች፣ ከእነርሱ ጎን ለጎን በመንገድ ላይ የሚሠሩ ሃያ ያህል የዝርዝር ሥራዎች። ጣቢያዎቹ ለጨዋታው አከርካሪ ይሆኑታል፤ ዝርዝሩ ደግሞ ፈጥኖ የደረሰውን ቡድን ሥራ ያስይዘዋል፣ ወደኋላ የቀረውም ነጥብ የሚያገኝበት ሌላ በር ይከፍትለታል። ከዚህ በኋላ የምገልጸው ይህንኑ ቅይጥ አሠራር ይዤ ነው።

ቦታውና ሰዓቱ

ቦታው ከተመረጠ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ፈቃድ መጠየቅ ነው። የግቢው ወይም የሕንጻው ኃላፊ፣ ጥበቃዎቹና የጽዳት ሠራተኞቹ በየትኛው ቀን፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት፣ የት የት ቦታ ወረቀት እንደሚለጠፍ አስቀድመው ማወቅ አለባቸው። የጽዳት ሠራተኞቹን በተለይ የማነሣው በራሴ ስለደረሰ ነው። በአንድ ወቅት ማታ ለጥፌ ያደርኩትን ፍንጭ ጠዋት ኮሪደሩን የምታጸዳ ሴት እንደ ተራ ወረቀት ነቅላ ጣለችው፤ እርሷ ሥራዋን ሠርታለች፣ ሳልነግራት የቀረሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ወረቀት ጀርባ "የዛሬ ጨዋታ ነው፤ እባክዎ እስከ 9 ሰዓት አያንሡት" የሚል ጽሑፍና የስልክ ቁጥሬን ሳልጽፍ አልለጥፍም።

ወሰኑ በቃል ብቻ ሳይሆን በንድፍ ካርታ ላይ በወፍራም መስመር መታየት አለበት። የመኪና መንገድ የሚያሻግር፣ ወደ ግለሰብ ቤት ወይም ወደ ሥራ ቦታ የሚያስገባ፣ ውኃ ዳር የሚያደርስ ማንኛውም መስመር ከካርታው ይውጣ። ፍንጩ የሚቀመጠው ቆሞም ሆነ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ እጅ በሚደርስበት ከፍታ ላይ ይሁን፤ መውጣት፣ መቆፈር፣ የኤሌክትሪክ ሣጥን መክፈት ወይም ድንጋይ ማንሣት የሚጠይቅ መደበቂያ አይምረጡ። በውድድር ስሜት ውስጥ ያለ ሰው አዘጋጁ ፈጽሞ ያላሰበውን ቦታ ይበረብራልና፣ "ምንም ነገር መንቀልና መፍታት አያስፈልግም" የሚል መስመር በመመሪያው ላይ ይጨምሩበት።

የሰዓቱ ስሌት ቀላል ነው፤ ሆኖም ብዙ ሰው ሳያሰላ በግምት ይሄድበታል። አንድ ሰው ብቻውን ሲራመድ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ይህ በደቂቃ 80 ሜትር ያህል ነው። አምስት ሰዎች እየተከራከሩ፣ ፎቶ እየተነሡ፣ አንዱ አንዱን እየጠበቀ ሲሄዱ ግን በደቂቃ 50 ሜትር ብሎ ማስላት ይሻላል። ጣቢያዎቹ በአማካይ 150 ሜትር የሚራራቁ ከሆነ በመንገድ 3 ደቂቃ ይሄዳል፤ ፍንጩን ለመፍታትና የጣቢያውን ሥራ ለመሥራት 9 ደቂቃ ይስጡ፤ ስድስት ጊዜ 12 ደቂቃ 72 ይመጣል። ጨዋታው 90 ደቂቃ ከሆነ ለዝርዝሩ ሥራና ወደ መነሻው ለመመለስ 18 ደቂቃ ይተርፋል። ትርፉ ከ15 ደቂቃ በታች ከወረደ አንድ ጣቢያ ይቀንሱ እንጂ የጣቢያውን ደቂቃ አይሸርፉ።

ቡድን አመዳደብ

የፈረንሳዩ የእርሻ መሐንዲስ ማክስ ሪንግልማን እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ጥናት፣ አንድ ላይ ገመድ የሚጎትቱ ሰዎች በበዙ ቁጥር እያንዳንዱ ሰው የሚያዋጣው ኃይል እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳይቷል። በፍለጋ ጨዋታ ይህ በዓይን ይታያል፦ አንድ ወረቀት ላይ አራት ሰው ሊያጎነብስ ይችላል፤ ስምንት ሰው ባለበት ቡድን ግን አራቱ ከኋላ ቆመው ስልካቸውን ይነካካሉ። ስለዚህ ቡድኑ ከአራት እስከ ስድስት ሰው ይሁን፤ አምስት ከሁሉ ይሻላል። ሠላሳ ሰው ካለ ስድስት ቡድን ይወጣል፣ ከስድስቱ ጣቢያም ጋር ይገጥማል።

ምርጫውን ለተሳታፊዎቹ ከተዉት የሚተዋወቁት አንድ ላይ ይሆኑና ጨዋታው የተዘጋጀበት ዓላማ ከመጀመሩ በፊት ያበቃል። አስቀድመው ስም ዝርዝሩን ይዘው ይደልድሉ፤ አንድ ክፍል ውስጥ የሚሠሩትን ይበትኗቸው፣ አለቆችን በየቡድኑ ይከፋፍሏቸው፣ ቦታውን አብጥረው የሚያውቁትንም በአንድ ቡድን አያከማቹ። ለየቡድኑ ፍንጭ አንባቢ፣ ፎቶ አንሺ፣ ሰዓት ጠባቂና መዝጋቢ እንዲመረጥ ማድረግ ይጠቅማል። ዝምተኛው ሰው ሰዓት ጠባቂ ሲሆን ቢያንስ በየአሥር ደቂቃው የሚናገረው ነገር ያገኛል።

ፍንጭ አጻጻፍ

ጨዋታው ጣዕም የሚያገኘውም ሆነ የሚያጣው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እቆይበታለሁ።

ጥሩ ፍንጭ ከመፈታቱ በፊት ጭጋግ ነው፤ ከተፈታ በኋላ ግን "ሌላ ሊሆን አይችልም ነበር" ያሰኛል። አዘጋጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት በሁለተኛው ባሕርይ ነው። ለምሳሌ መድረሻው የአንድ ሕንጻ ደረጃ ቢሆንና "ሳልንቀሳቀስ ከፍ አደርጋለሁ፣ ሳልንቀሳቀስ ዝቅ አደርጋለሁ" ተብሎ ቢጻፍ፣ እንቆቅልሹ ያምራል፤ ግን በግቢው ውስጥ ደረጃ ስንት አለ? መሰላልስ ቢባል ምን ይከለክላል? ቡድኑ ትክክለኛውን ሐሳብ አስቦ የተሳሳተ ቦታ ሲሄድ ጥፋቱ የጸሐፊው ነው። ይህን እንዲህ ብናርመውስ?

"አሥራ አራት ወንድማማቾች አንዱ ካንዱ በላይ ተደርድረው ለሚረግጣቸው ሁሉ ጀርባቸውን ይሰጣሉ፤ የበኩሩን ጎን ተመልከቱ።"

እዚህ ላይ "አሥራ አራት" የሚለው ቁጥር ደረጃውን ከሌሎች ደረጃዎች ይለየዋል፤ ቡድኑ ሄዶ ሲቆጥር መልሱን በራሱ ያረጋግጣል፤ "በኩሩ" ደግሞ የመጀመሪያው እርከን መሆኑ ገብቶት የት ቦታ እጁን እንደሚሰድድ ያውቃል። ማለትም አንዲት ፍንጭ ሦስት ነገር ትይዛለች፤ ምን እንደሆነ፣ የትኛው እንደሆነና በእርሱ ላይ የት እንደሚታይ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ቡድኑ ደረጃው ሥር ቆሞ አሥር ደቂቃ ሲዳብስ ያዩታል።

በአማርኛ ፍንጭ የሚጽፍ ሰው ሌሎች የማያገኙት መሣሪያ አለው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ አንዱ ቃል ሁለት ሆኖ ይነበባል። "ዋና ለማያውቅም ዋናው ክፍት ነው" የሚለውን ወረቀት የያዘ ቡድን በመጀመሪያ ውኃ ወዳለበት ይሮጣል፤ ሁለተኛውን "ዋናው" ጠበቅ አድርጎ ያነበበው ብቻ ወደ ዋናው በር ይመለሳል። ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ ያለው ሰው በቡድኑ ውስጥ አንድ እንኳ ካለ ይህ ዓይነቱ ፍንጭ ሳቅ ያስነሣል። ግን በአንድ ጨዋታ ከአንድ ወይም ከሁለት በላይ አይደርድሩ፤ ተራው ሰው በሦስተኛው ላይ ይሰለቻል፣ አማርኛ አፍ የፈታበት ቋንቋ ያልሆነው ተሳታፊም ከጨዋታው ውጪ ሆኖ ይቆያል።

የፊደል ገበታውም ዝግጁ የምስጢር ጽሑፍ ነው። ከሀ እስከ ፐ ያሉትን 33 ፊደላት በተራ ቁጥር፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባት ድምፆች ደግሞ በሁለተኛ ቁጥር ከያዝናቸው፣ "ደረጃ" የሚለው ቃል 24-1፣ 6-1፣ 25-4 ተብሎ ይጻፋል። ቁልፉን ሳይናገሩ ቁጥሮቹን ብቻ መስጠትና ገበታውን በጣቢያው ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይበቃል፤ ገበታውን መለጠፍ ያስፈለገው ሰው ሁሉ ቅደም ተከተሉን በቃሉ ስለማይዘው፣ አንዳንዱ ገበታም ቨን ስለሚጨምር ነው። ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ቡድኑ ቃሉን ራሱ ወደ ቁጥር ለውጦ የቁልፍ ኮድ እንዲያገኝ የሚጠይቅ ፍንጭ ከሆነ ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ ያሉባቸውን ቃላት ይሽሹ። "ፀሐይ" ብሎ የጻፈው ቡድን ከ31 ሲጀምር "ጸሐይ" ብሎ የጻፈው ከ30 ይጀምራል፤ ቁልፉ አይከፈትም፣ ክርክሩ ግን ይከፈታል። የሦስት አኃዝ ቁልፍ ካለዎት በግዕዝ ቁጥር ፬፻፸፪ ጽፎ 472 እንዲያገኙ ማድረግ ከዚህ የተሻለ ንጹሕ ፍንጭ ነው።

ኪው አር ኮድ ለመጠቀም ያሰበ አዘጋጅ ስለ እርሱ ሁለት ነገር ቢያውቅ ይበጀዋል። ኮዱ እ.ኤ.አ. በ1994 በጃፓኑ ዴንሶ ዌቭ ኩባንያ የመኪና መለዋወጫዎችን ለመቆጣጠር የተሠራ በመሆኑ ቅባትና ጭረት እንዲችል ተደርጓል፤ ከፍተኛው የስሕተት ማረሚያ ደረጃ ሲመረጥ 30 በመቶ ገደማው ቢበላሽ እንኳ ይነበባል። ሁለተኛው፣ ኮዱ የግድ የድረ ገጽ አድራሻ መያዝ የለበትም፤ ፍንጩን ራሱን በጽሑፍ መልክ ከያዘ ያለ ኢንተርኔት ይነበባል። ኔትወርክ በተቆራረጠ ቁጥር ጨዋታው እንዳይቆም ሁልጊዜ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ወረቀቱን በላስቲክ ሲለብጡት ግን ፀሐይ እንዳያንጸባርቅበት ጥላ ቦታ ይለጥፉት። በስልክ አቅጣጫ ጠቋሚ ቦታ የማስፈለግ ሐሳብ ካለዎትም፣ ጥሩ ስልክ ሰማዩ በተከፈተበት ሜዳ ላይ እንኳ 5 ሜትር ያህል ሊሳሳት እንደሚችል፣ ረጃጅም ሕንጻዎች መካከል ደግሞ ስሕተቱ እንደሚብስ ያስታውሱ፤ ስለዚህ ጂፒኤስ ወደ አካባቢው ያድርስ፣ የመጨረሻዎቹን እርምጃዎች ቃል ይምራቸው።

ከአጻጻፉ ባልተናነሰ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። የመጀመሪያው ፍንጭ እጅግ ቀላል ይሁን፤ ሁሉም ቡድን በሦስት ደቂቃ ውስጥ አንድ ነገር አግኝቶ "ይቻላል" ማለት አለበት። ከባዱን መካከል ላይ ያስቀምጡ። የመጨረሻው እንደገና ይቅለል፣ ምክንያቱም ያን ጊዜ ሰው ደክሟል፣ ሰዓቱም እየገፋው ነው።

ለተተከለው ቡድን ደግሞ መውጫ ያዘጋጁለት። ለእያንዳንዱ ጣቢያ በታሸገ ፖስታ ውስጥ አንድ ረዳት ፍንጭ ይስጡ፤ ፖስታውን የከፈተ ቡድን 3 ነጥብ ይቀነስበታል፣ 8 ደቂቃ የሞላው ግን በነጻ ይከፍታል፤ 12 ደቂቃ ያለፈው ቡድን ደውሎ መልሱን ይቀበልና ይሄዳል። ይህን ሕግ "ጨዋታውን ያረክሰዋል" ብለው የሚቃወሙ ሰዎች አሉ። አንድ ፍንጭ ላይ ግማሽ ሰዓት ቆሞ የቀረ ቡድን ፊት ላይ የሚነበበውን ያየ ሰው ግን አይቃወምም።

ቡድኖቹ እንዳይተራመሱ

ስድስት ቡድኖች በአንድ ጊዜ ከአንድ ቦታ ተነሥተው አንድ ዓይነት መንገድ ቢከተሉ፣ ፊት ያለው ቡድን ይፈታል፣ የቀሩት አምስቱ ጀርባውን ይከተላሉ። መፍትሔው እያንዳንዱን ቡድን ከተለያየ ጣቢያ ማስጀመር ነው፦ አንደኛው ከ1 ተነሥቶ እስከ 6፣ ሁለተኛው ከ2 ተነሥቶ ዞሮ እስከ 1፣ ወዘተ። ይህ ይሠራል፤ ነገር ግን ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ስለሚዞሩ ፈጣኑ ቡድን ከፊቱ ያለውን ዘገምተኛ ይደርስበትና ጣቢያው ላይ ሁለት ቡድን ይቆማል።

የተሻለው ዘዴ ግማሾቹን በተቃራኒ አቅጣጫ መላክ ነው። ከጣቢያ 1፣ 3 እና 5 የሚነሡት ወደ ቀኝ፣ ከ2፣ 4 እና 6 የሚነሡት ወደ ግራ ይዙሩ። ወረቀት ላይ ቢሞክሩት እንደሚያዩት፣ ሁሉም በተመሳሳይ ፍጥነት ከሄዱ በአንድ ጣቢያ ሁለት ቡድን በአንድ ጊዜ አይገኝም፤ የሚገናኙት በመንገድ ላይ ብቻ ነው። በአንድ አቅጣጫ የሚከተላለፉት ቡድኖች መካከልም አንድ ሳይሆን የሁለት ጣቢያ ርቀት ስላለ ፈጣኑ ዘገምተኛውን በቀላሉ አይደርስበትም። ጉድለቱ፣ መንገድ ላይ የሚተላለፉ ቡድኖች መልስ ሊንሾካሾኩ መቻላቸው ነው። እኔ አልከለክልም፤ ተፎካካሪያቸውን አምነው መልስ የሚቀበሉ ካሉ ይቀበሉ፤ ሐሰተኛ ፍንጭ ተነግሯቸው ሲባዝኑ ያየኋቸው ጥቂት አይደሉም።

በዚህ አሠራር ሰንሰለቱ ክብ ስለሚሆን በእያንዳንዱ ጣቢያ ለቀኝና ለግራ ዟሪ ሁለት የተለያዩ ፍንጮች ያስፈልጋሉ፤ ወረቀቶቹን በሁለት ቀለም ማተም ይበቃል። ፍንጩን ያነበበ ቡድን ወረቀቱን ፎቶ አንሥቶ በቦታው እንዲተወው በመመሪያው ላይ በግልጽ ይጻፍ። ካልተጻፈ የመጀመሪያው ቡድን ይዞት እንደሚሄድ ጥርጥር የለኝም።

ማስረጃና ነጥብ

ለየሥራው 5፣ 10 ወይም 20 ነጥብ ይመድቡ፤ 7 እና 13 የመሰሉ ቁጥሮች ድምሩን ያዘገያሉ እንጂ ፍትሕ አይጨምሩም። ጣቢያዎቹ እያንዳንዳቸው 20 ቢይዙ 120 ይሆናል፤ የዝርዝሩም ድምር ከዚህ ብዙ አይራቅ። ዝርዝሩ ከበዛ ጣቢያዎቹን ትተው ፎቶ ብቻ የሚያነሡ ብልጦች ይነሣሉ።

የእያንዳንዱ ሥራ አነጋገር ዳኛ በማያከራክር መንገድ ይጻፍ። "ቡድኑ የሚያስቅ ፎቶ ይነሣ" የሚለው ለክርክር በር ይከፍታል፤ "የቡድኑ አባላት ሁሉ ሁለቱም እግራቸው ከመሬት ተነሥቶ የሚታዩበት ፎቶ" የሚለው ግን ወይ ሆኗል፣ ወይ አልሆነም። እንግዳ ሰው አስቁሞ ፎቶ ማንሣትን፣ ሕፃናትን ማንሣትን፣ ዕቃ መግዛትን ወይም መለመንን የሚጠይቅ ሥራ አያስገቡ። ፎቶዎቹም ከጨዋታው በኋላ የት እንደሚቀመጡና ማን እንደሚያያቸው አስቀድሞ ይነገር፤ ፎቶው እንዲሰራጭ የማይፈልግ ሰው ሁልጊዜ አለና።

የሚዘነጋው የቆጠራው ሰዓት ነው። ስድስት ቡድን ሃያ ሃያ ፎቶ ካመጣ 120 ፎቶ ይሆናል፤ አንዱን ለማየት 15 ሰከንድ ቢወስድ ግማሽ ሰዓት ያልቃል፣ ያን ግማሽ ሰዓትም ሠላሳ ሰው ተቀምጦ ይጠብቃል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቡድን የራሱን የቴሌግራም ግሩፕ ይክፈቱና ፎቶው እንደተነሣ ይላክ፤ ሁለት ሰዎች ጨዋታው እየተካሄደ ሳለ እየተቀበሉ ይመዝግቡ። ቡድኖቹ ሲመለሱ የቀረው የመጨረሻውን አሥር ደቂቃ መደመር ብቻ ይሆናል።

ለዘገየ ቡድን በየደቂቃው 5 ነጥብ ይቀነስ። ለእኩል ነጥብ መለያ የሚሆን አንድ የግምት ጥያቄም አስቀድመው ያዘጋጁ፤ ለምሳሌ በመነሻው ላይ በጠርሙስ ውስጥ ስንት አዝራር እንዳለ ሁሉም ቡድን ጽፎ ያስረክብ፤ እኩል ከወጡ ለትክክለኛው ቁጥር የቀረበው ያሸንፋል። መለያውን ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ማሰብ የጀመረ አዘጋጅ ለየትኛው ወገን እንዳደላ ሲጠየቅ ይውላል።

ሙከራ

ፍንጮቹን የጻፈ ሰው ፍንጮቹን መሞከር አይችልም፤ መልሱን ያውቃልና ዓይኑ ይዘለዋል። ስለ ጨዋታው ምንም የማያውቁ ሁለት ሰዎችን ይያዙ፣ ከኋላቸው ዝም ብለው ይከተሉ፣ ምንም አያርሟቸው። የቆሙበትን ቦታና የፈጀባቸውን ደቂቃ ብቻ ይጻፉ። ሁለቱ በ6 ደቂቃ የፈቱትን ፍንጭ አምስት ሰው በ9 ደቂቃ ይፈታዋል ብለው ይያዙ፤ ሐሳብ ሲበዛ ክርክርም ይበዛል።

ሙከራው ጨዋታው በሚካሄድበት ሰዓት መሆን አለበት። ይህን የተማርኩት በአንድ ዛፍ ጥላ ነው። "የዛፉ ጥላ ጫፍ የሚያርፍበትን ድንጋይ ፈልጉ" ብዬ ጽፌ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሞክሬ ረክቼ ሄድኩ፤ ጨዋታው የተካሄደው ግን ከቀትር በኋላ ነበር። ጥላው ወደ ሌላው ወገን ዞሮ ነበርና አንድ ቡድን ምንም የሌለበትን አጥር ሲፈትሽ ቆየ። በሮች የሚዘጉበት ሰዓት፣ መብራት የሚበራበትና የማይበራበት ኮሪደር፣ ከቀትር በኋላ የሚነሣ ነፋስ፣ ሁሉም እንዲሁ ናቸው። ዝናብ ቢመጣ ጣቢያዎቹ ወደየትኛው ጣሪያ ሥር እንደሚዛወሩም በዚያው ቀን ይወሰን።

የዕለቱ አካሄድ

በዕለቱ ጨዋታው ከመጀመሩ ከአንድ ሰዓት በፊት ወረቀቶቹን ይለጥፉ፣ ከመጀመሩ ከሃያ ደቂቃ በፊት ደግሞ አንድ ረዳት ሁሉንም ጣቢያ ዞሮ በቦታቸው መኖራቸውን ያረጋግጥ። የእያንዳንዱ ፍንጭ ሁለት ትርፍ ቅጂ በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ይኑር።

ለመመሪያው ከአሥር ደቂቃ በላይ አይውሰዱ። ወሰኑ፣ የመመለሻው ሰዓት፣ ለችግር የሚደወልበት አንድ ስልክና "ቡድኑ አይበታተንም፣ መንገድ አቋርጦ መሮጥ የለም" የሚለው ሕግ በአንድ ገጽ ታትመው ለየቡድኑ ይሰጡ፤ በቃል የተነገረውን ፊሽካው ሲነፋ ሁሉም ይረሳዋል። ሰዓት ጠባቂዎቹ ስልካቸውን ከአዘጋጁ ሰዓት ጋር እኩል ያድርጉ። ሲነሡም ሲመለሱም ሰው ይቆጠር። የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኑ በመነሻው ቦታ፣ ሁልጊዜ እዚያው ከሚቀመጥ አንድ ሰው ጋር ይሁን፤ አዘጋጁ ራሱ ግን በጣቢያዎቹ መካከል ይዘዋወር፣ ምክንያቱም በስልክ "አላገኘነውም" የሚል ቡድን እውነት ወረቀቱ ጠፍቶበት ይሁን ወይም ከአጠገቡ ቆሞ ይሁን በዓይን ካልታየ አይታወቅም።

ድምሩ ሲጠናቀቅ የተላኩትን ፎቶዎች በትልቅ ስክሪን እያሳዩ ውጤቱን ከስድስተኛው ወደ አንደኛው ይናገሩ። ሽልማቱ የቡድን አባላት እኩል የሚካፈሉት ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ አንድ ዋንጫ ለአምስት ሰው ሲሰጥ ማን ቤት እንደሚያድር ሌላ ጣጣ ያመጣል።

ሰው መበተን ሲጀምር የለጠፉትን ወረቀት በዝርዝሩ ላይ እየሠረዙ ይሰብስቡ። ስድስት ጣቢያ በሁለት ቀለም አሥራ ሁለት ወረቀት ነው፤ ስድስት የእርዳታ ፖስታ ለየቡድኑ ሲታደል ደግሞ ሠላሳ ስድስት ይሆናል። ያልተከፈቱት ፖስታዎች የየትኛው ጣቢያ እንደሆኑ መዝግበው ያስቀምጡ፤ ማንም ያልከፈተው ፍንጩ ቀላል የሆነበት ጣቢያ ነው፣ ሁሉም የከፈቱት ደግሞ ለሚቀጥለው ጊዜ እንደገና የሚጻፈው ነው።